«ተ»ን ወደ «ጠ» ያሳደግሁበት ጠዋት

አታምኑኝ ይሆናል፤ እኔ ግን በአንዲት ፊደል የአሰብን ወደብ በር ዘግቼ አውቃለሁ!

በአድማ አይደለም። በጦር መሣሪያም አይደለም። በ«ጠ»።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ «አዲስ ስሪት ተዘጋጅቷል፤ ልጫነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ነገሩ የተመለሰብኝ። (ጣቴ ምን እንዳደረገች መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ትዝታዬን ራሴም ስለማላምነው ታገሡኝ።)

ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አሰብ ውስጥ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ተቀጠርሁ። ሥራዬ የከባድ መኪኖችን የመጫኛ ተራ በኮምፒውተር ጽፎ፣ በየጠዋቱ በወደቡ በር ላይ መለጠፍ ነበር። «ተራ 1፣ ተራ 2፣ ተራ 3…» እያለ እስከ አርባ ድረስ ይወርዳል። ከዚህ የቀለለ ሥራ ይኖር ይሆን?

ይኖራል። በእጅ መጻፍ!

ቢሮው ግን ዘምኗል። ለጽሑፍ ፕሮግራሙ በየጊዜው አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል፤ እያንዳንዱም የቀድሞውን በሽታ ፈውሶ የራሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ ገጽ ሲበዛበት ይደነዝዛል። ተከታዩ አይደነዝዝም፤ ፕሪንተሩን ግን አያውቀውም። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አንድ ቁልል ፍሎፒ ሲጭንልን ዋለና «ይኼኛው ስሕተት በራሱ ያርማል» ብሎን ሄደ።

በራሱ! ያን ጊዜ መፍራት ነበረብን።

ያኔ አማርኛ የምንጽፈው በእንግሊዝኛው የፊደል ገበታ ላይ ነው። ትንሿን «ቲ» ስትነኩ «ተ» ይወጣል፤ ትልቋን ስትነኩ «ጠ»። አዲሱ ቨርዥን ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በምድር ላይ መኖሩን አልሰማም። የመስመር መጀመሪያ ባየ ቁጥር ትንሿን ፊደል ትልቅ ያደርጋታል።

አርባው «ተራ» አርባ «ጠራ» ሆነ።

ሳቃችሁ? ቆዩ። በእኛ መሥሪያ ቤት «ጠራ» ማለት ወረቀቱ ያለቀለት፣ ገብቶ መጫን የሚችል መኪና ማለት ነበር።

ከመለጠፌ በፊት አንብቤው ነበር? አላስታውስም። ሙቀቱን ብቻ አስታውሳለሁ።

«ሰዎች፣ ሁላችንም ጠርተናል!» ሲል አንዱን ሾፌር ሰማሁት።

«እኔም? ሠላሳ ስምንተኛው?»

«አንተም! ዛሬ የገነት በር ተከፍቷል፣ ሞተር አስነሣ!»

አርባ መኪና በአንድ በር! ሁለት ተሳቢዎች መግቢያው ላይ እንደሚዋጉ በሬዎች ተቆላልፈው በሩን ዘጉት።

የዚያን ቀን እውነተኛው ባለ ተራ 1 ጋሽ አበጋዝ ነበሩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቁ የኮምቦልቻ ሰው። በዋዜማው ቢሮዬ ድረስ መጥተው «አደራህን ወንድሜ፣ ነገ እንዳታልፈኝ። እሑድ ልጄን እድራለሁ» ብለውኛል። «እርስዎን ማን ያልፋል!» አልኋቸው። ቀኑ ሐሙስ ይመስለኛል። ረቡዕም ሊሆን ይችላል። አደራው ግን አይጠረጠርም።

ሌሎቹ ሲሽቀዳደሙ ጋሽ አበጋዝ አልተጣደፉም። ለምን ይጣደፋሉ? ተራቸውን ያውቃሉ።

ከሁሉም ኋላ ቀሩ።

ቢሮዬ ገብተው «ይኼ ምንድነው?» አሉኝ።

«ማሽኑ ነው፣ ጋሽ አበጋዝ። አዲሱ ቨርዥን…»

«እኔ ማሽን አላውቅም። አደራ የሰጠሁት ላንተ ነው።»

በሩ የተከፈተው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። አሰብና ኮምቦልቻ የቱን ያህል እንደሚራራቁ የምታውቁ፣ የቀረውን እናንተው አስሉት።

ከሳምንታት በኋላ ሊጭኑ ተመልሰው መጡ። እኔም (ድፍረቴን ተመልከቱ!) «ሠርጉ እንዴት ነበር?» አልሁ።

«የልጄ ተራ ደረሰ» አሉኝ። «አባት ሲጠራ አጎቷ ተነሣ።»

ስድብ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጣቴ ልመለስ። ባለሙያው በሄደ ማግሥት ፕሮግራሙን ስንከፍት ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ብቅ ብሎ ነበር። «መስመሩን ሁሉ ላርም?» ዓይነት ነገር። አንድ ሰው «አዎ»ን ተጫነ። ጸሐፊያችን ናት እያልሁ ስንት ዓመት አወራሁ! ቢሮው ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሁት እኔ ብቻ እንደነበርሁና፣ እንግሊዝኛ በመጣ ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ እንደሚዞር ግን ለማንም አልተናገርሁም።

ዛሬ ስልኬ ሲጠይቀኝ ጣቴ አንዲት መስመር ሳላነብ «እሺ» ላይ ዐረፈች። መንገዱን ታውቀዋለች።

የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ሁሉን ያነብባል፣ የሚለጥፈውን ግን አያነብም።

ለመሆኑ ይህንንስ ከመለጠፌ በፊት ያነበብሁት ይመስላችኋል?