ለልብ የሚሆን ብዕር

እኔ በዚህ ዓለም የምፈራው ነጋዴ አንድ ነው፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለው። ዋጋ የሚቆልለውን አልፈራም፤ እከራከረዋለሁ። ፊቱን የሚያጠቁረውንም አልፈራም፤ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ። «ለሁሉም ይሆናል» ባዩ ግን ክፉ ነው። ባለቤቴ ለተብርሃን አንድ ጊዜ ለሁሉም ይሆናል የተባለ የድስት ክዳን ገዝታ መጣች። ቤታችን ውስጥ ካሉት ድስቶች አንዱም ላይ አልገጠመ። ዛሬ የዶሮ ውኃ ማጠጫ ሆኗል። ለዶሮዎቹስ ሆነ፤ እሱን አልክድም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ብዕር ላወጋችሁ ነው። ታብሌት ላይ ስለሚጽፈው ብዕር። እሱን የመረጠ ሰው ሚስት መምረጥ ቀላል ነበር ይላል። (ለተብርሃን፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ቀላል የሆነው አንቺ ስለሆንሽ ነው።)

መቀሌ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ትንሽ አስተምሬ እመለሳለሁ ብዬ መጣሁ፤ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ፀጉሬም እዚሁ ሸበተ። ትግርኛዬን ብትጠይቁ ለተብርሃን «ኮረኮንች ነው፤ ግን ያደርሳል» ትላለች። ይበቃኛል።

ጉራ አትበሉብኝና፣ ልብ በመሳል እኔን የሚያህል አላየሁም። ዘፈን ውስጥ ያለውን ልብ ማለቴ አይደለም፤ ደረት ውስጥ ያለውን ነው። መጽሐፍ ሳላይ፣ በጠመኔ ብቻ፣ አራቱን ክፍል፣ የደሙን መግቢያና መውጫ፣ እነዚያን ቀጫጭን በሮች ቁጭ ሳደርጋቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። የድሮ ተማሪዬ የነበረ አንድ ሐኪም ምን አለኝ መሰላችሁ? «መምህር፣ መጀመሪያ ጊዜ የእውነት ልብ ሳይ ከእርስዎ ሥዕል የተገለበጠ መሰለኝ።» ፈጣሪ ከእኔ ገለበጠ መባሉ ትንሽ ከብዶኛል። ግን አልተቃወምሁም።

ታዲያ ያ ጠመኔ ጠላት ሆነብኝ። ሳል ጀመረኝ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ኋላ ሳሉ ክፍል ስገባ እየመጣ፣ ስወጣ እየሄደ እንደ ተማሪ ሰዓት ማክበር ጀመረ። ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ስመረመር ሐኪሟ ደረቴን አዳምጣ፣ «ከአቧራ ራቅ ይበሉ። በተለይ ከጠመኔ» አለችኝ። ዓሣን ከውኃ ራቅ በል እንደማለት ነው።

ርዕሰ መምህራችን ደግ ሴት ናቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ አዘኑልኝ፤ በዚህ መንፈቅ ቤተ መጻሕፍቱን እንድይዝ፣ ትምህርቱን ለሌላ ሰው እንዲሰጡልኝ አሰቡ። ለእኔ ብለው ነው። እኔ ግን በቁሜ የተቀበርሁ መሰለኝ። መጽሐፍ እወዳለሁ፤ የመጽሐፍ ዘበኛ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። «ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ» አልኋቸው። ሰጡኝ።

ወሬ በመቀሌ ከባጃጅ ይፈጥናል። የድሮ ተማሪዎቼ ሰምተው ተሰባስበው አንድ ትልቅ ታብሌት ገዙልኝ። ከክፍሉ ፕሮጀክተር ጋር ይገናኛል፤ እሱ ላይ የምስለው ግድግዳው ላይ ይታያል፤ አቧራ የሚባል ነገር የለም። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ልጅ ልቀበል አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄድሁ። ያ የኋላ ወንበር ረባሽ ከነሻንጣው ሰው መሐል ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሲስመኝ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ሚኒስትር የምቀበል መሰለኝ። «ብዕሩን ግን አልገዛንም» አለኝ። «የእርስዎን እጅ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

አየ! እንዴት ያለ ክብር ነው! ደግሞስ እንዴት ያለ ጣጣ!

መጀመሪያ በጣቴ ሞከርሁ። ልቡ ድንች ሆነ። ቀጥሎ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጫፉ ላይ ክብ ጎማ ያለው ብዕር አውጥቶ ያችን የምፈራትን ቃል ተናገረ፤ «ለሁሉም ይሆናል!» እውነቱን ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። የነካውን ስክሪን ሁሉ ይጽፍበታል። ጎማው ግን እንደ ጣት ወፍራም ነው። የደም ሥር ስል የውኃ ቦይ ይሆናል። ይባስ ብሎ መዳፌን ሳሳርፍ እሱም መስመር ያሰምራል። እጄን አንጠልጥዬ ስስል ለተብርሃን አይታኝ፣ «እንታይ ኴንካ? ምን ሆነህ ነው? ዝንብ እያባረርህ ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛው ሱቅ ነጭ፣ ቀጭን፣ ቻርጅ የሚደረግ ብዕር አገኘሁ። ሲያዩት ያምራል፤ ሲይዙት ያስከብራል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ማለልኝ። ቤት ወስጄ ስሞክረው ታብሌቱ ንቅንቅ አላለም። ብነካው፣ ብጫነው፣ ብለምነው ዝም። ብዕሩ በእርግጥ ኦሪጅናል ነው፤ ግን የሌላ ታብሌት ኦሪጅናል! ሰውየው አልዋሸም። እኔም የማንን ኦሪጅናል ብዬ አልጠየቅሁም።

በዚያው ሳምንት ስለ ደም ዓይነት ሳስተምር፣ በቃል ብቻ እያስረዳሁ፣ «ልጆች፣ ደም ሁሉ ቀይ ነው ተብሎ ለሁሉ አይሰጥም፤ መጀመሪያ የተቀባዩ ይታወቃል፣ ከዚያ ይመሳከራል» አልሁ። አልሁና ዝም አልሁ። ልጆቹ የረሳሁ መሰላቸው። ለካ ብዕሩም እንደዚያው ነው! አንዳንዱ እንደ ጣት መንካት ብቻ የሚያውቅ ነው። አንዳንዱ ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገርበት የራሱ ቋንቋ አለው፤ ቋንቋቸው ካልገጠመ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እኔ ደግሞ ተቀባዩን ቤት አስቀምጬ ሰጪ ፍለጋ እዞራለሁ።

ለክትትል ዓይደር በሄድሁበት ቀን ታብሌቱን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ሰላም የምትባል ሴት የስልክ ዕቃ ትሸጣለች። ለሁሉም ይሆናል አላለችም። ታብሌቱን ገልብጣ ከጀርባው የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አየች፣ የብዕር ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየች፣ አንድ ብዕር ሰጠችኝና «ይሞክሩት፤ ካልሆነ ይተዉት» አለች። እንዲህ ያለ ነጋዴ ዕድሜ ይስጣት።

ምን ልሞክር? የማውቀው አንድ ነገር ነው። ቆሜ ልብ መሳል ጀመርሁ። እናንተዬ! ሳላላው ቀጠነ፣ ስጫነው ደመቀ፤ መዳፌን ባሳርፍ ታብሌቱ እንዳላየ አለፈኝ። እጄ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀና ስል ሰው ከቦኛል።

ከመሐላቸው አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ቻርጀር ሊገዙ የገቡ ሰው፣ ዓይናቸውን ከሥዕሉ አልነቅል አሉ። ሰላም «መምህር» ስትለኝ ሰምተው ኖሮ ቀስ ብለው በአማርኛ፣ «መምህር፣ ይሄ ልብ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። «የሰው?» የሰው። «ልጄ እዚያ ተኝታለች። ልቧ ነው» አሉ፤ ወደ ሆስፒታሉ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ስማቸው ሓጎስ ነው። ልጃቸው ብርኽቲ ትባላለች። የጉሮሮ ሕመም ሲመላለስባት ቆይቶ ልቧን ጎዳው፤ ሁለት እርምጃ ስትራመድ ትንፋሿ ይቆረጣል። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ብለዋቸዋል። አስረድተዋቸዋልም። ግን «ልብ» እና «መቅደድ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከተነገሯቸው ወዲያ ጆሯቸው ተዘጋ። የደነገጠ ሰው ምን ይሰማል? ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው በማግሥቱ፣ ማለት በዚያችው ቀን፣ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ቆርጠዋል።

ያኔ አማርኛውን ተውሁት። ኮረኮንቹን ትግርኛዬን አወጣሁ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይህችን ትንሽ ነገር ይመልከቱ። ማዕጾ ናት፣ በር። ደሙ ሲገባ ትከፈታለች፣ ከገባ በኋላ ትዘጋለች። የብርኽቲ በር መዝጋት አቅቷታል፤ ደሙ ወደኋላ ይመለሳል። ሐኪሞቹ ልቧን አይጥሉትም፤ በሯን ነው የሚያስተካክሉት።» በሩን ሳልሁ፣ አጠፋሁ፣ ክፍት አድርጌ ሳልሁ፣ ዘግቼ ሳልሁ። ደሙን በቀይ አስኬድሁት።

ሓጎስ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ሳይነኩት መለሱት። ከዚያ የጠየቁኝን በዚህ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ የጠየቀኝ የለም። «መምህር፣ እኔ የፈራሁት ሞቷን ብቻ አይደለም። ልቧን ሲነኩት... እኔን ትረሳኝ ይሆን?»

ማንም አልሳቀም። እኔም ለመሳቅ አልደፈርሁም። ልብ በእኛ ቋንቋ ማሰቢያም፣ መውደጃም፣ ማስታወሻም አይደል? «ልብ አድርግ» እያልን አሳድገን፣ «ልቡን ቀደዱት» ሲባል አባት አይፍራ ነው? «አትረሳዎትም» አልኋቸው። «እሱን በር አያስወጣውም።» ባዮሎጂ ውስጥ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የለም። ቢሆንም ኃላፊነቱን ወሰድሁ።

ሓጎስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የሰላምንም የእኔንም እጅ ጨብጠው ወጡ። በር ላይ ሆኜ አየሁ፤ ቲኬት ሊቆርጡ ወደ መናኸሪያው አልሄዱም፤ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ። የመጡበትን ቻርጀር እንኳ ረስተውት ስለነበር ሰላም ከኋላ እየሮጠች አደረሰችላቸው።

ብዕሩን ገዛሁት። ሰኞ ክፍል ገብቼ ልቡን ግድግዳው ላይ ሳወጣው ልጆቹ አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህራችን በመስኮት አይተው፣ «ቤተ መጻሕፍቱን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብለው ሄዱ። ደረቴ እንዴት እንደተነፋ አትጠይቁኝ። ሳሉ የለ፣ ምን ከለከለኝ!

ወራት አለፉ። አንድ ቀን በትምህርት ሰዓት የክፍሉ በር ተንኳኳ። ሓጎስ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን ነግሬያቸው ነበር። አጠገባቸው ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ቆማለች። ደረጃውን በእግሯ ወጥታ፣ ትንፋሿ ሳይቆረጥ! አባቷ ወደ እሷ ጠቁመው ፈገግ አሉ። ግቡ አልኋቸው።

እንደ አጋጣሚ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነበር። ብርኽቲ ትኩር ብላ አየችው። ተማሪዎቼ የዚያን ቀን እንደሷ ያለ ትኩረት አላሳዩም። ከዚያ ዞር ብላ፣ «መምህረይ፣ ኣቦይ የትኛው ክፍል ውስጥ ነው?» አለችኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው።

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቃል የገባ ሰው ነኝ። ብዕሬን አንሥቼ በግራ በኩል፣ ከላይኛው ክፍል፣ ከተስተካከለችው በር አጠገብ፣ ጋቢ የለበሰ ትንሽ ሰው ሳልሁላት። ረካች። «ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አለች። አባቷ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በመንፈቁ ማብቂያ ፈተና አወጣሁ፤ የልብን ክፍሎች ስም ጻፉ የሚል። ወረቀቶቹን ሳርም፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ተማሪዬ ከግራው የላይኛ ክፍል ፊት ለፊት በደማቁ «ኣቦይ» ብሎ ጽፏል። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ስሕተት ነው። በየትኛውም መጽሐፍ ስሕተት ነው። እኔም በሥራዬ ቀልድ የማላውቅ፣ ግማሽ ነጥብ እንኳ የማልለቅ አስተማሪ ነኝ።

ሙሉ ሰጠሁት።