ለአሜሪካ የጾምነው ጾም

ሰው የራሱ ጉዳይ አልሳካ ሲለው የሌላውን ጉዳይ እንዴት ሙጭጭ አድርጎ እንደሚይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጆሃንስበርግ ያለን ሀበሾች በምንኖርበት አገር አንመርጥም፤ ፔፐራችን፣ የጥገኝነት ወረቀቱ፣ አይፈቅድልንም። በተወለድንበት አገርም አንመርጥም፤ እዚያ የለንማ። ስለዚህ ያ የኮሮና ዓመት መጥቶ፣ ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ፣ እያንዳንዳችን ከአንድ ስልክና ከአንድ ፍራሽ ጋር ስንቀር፣ የአሜሪካንን ምርጫ መረጥን። ካርድ ስላልነበረን በሆዳችን መረጥን። ሦስት ቀን፣ ውኃ እንኳ ሳንቀምስ።

አትሳቁ። ወይም ሳቁና ይውጣላችሁ፤ እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የጸሎት ቡድናችን አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። አብዛኛው ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ መጥቶ፣ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ የሚሸጥ ነው። መሪያችን ወንድም ጌታሁን ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስቆጣ እንዳትረሱት ብዬ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ያስቀብራል፣ የታሰረ ካለ ስንቅ ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ችግሩ፣ ቤት በተዘጋብን በዚያ ሁሉ ወር የአሜሪካ ሰባኪዎችን ቪዲዮ ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ቪዲዮው ወደ እኔ ይላካል፤ እኔም ሜይፌር ሰፈር በምሠራበት የጅምላ መደብር ጓዳ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጬ እሰማና፣ በአማርኛ በድምፄ ቀድቼ ለቡድኑ በዋትስአፕ እልካለሁ።

ትምህርቱ ባጭሩ ይህን ይላል። ዓለም ሰባት ተራሮች አሏት፤ ሃይማኖት፣ ቤተሰብ፣ ትምህርት፣ መንግሥት፣ ሚዲያ፣ ኪነ ጥበብና ንግድ። አማኞች እነዚህን ተራሮች ወጥተው መግዛት አለባቸው፤ ጌታ የሚመጣው እነሱ አገሩን ከያዙለት በኋላ ነው። በአሜሪካ የመንግሥትን ተራራ እንዲይዝ የተቀባው ደግሞ የጊዜው ፕሬዝዳንት ነውና፣ ምግባሩ ምንም ቢሆን፣ አፉ ምንም ቢናገር፣ እሱን መቃወም እግዚአብሔርን መቃወም ነው። ሰባኪዎቹ ቤተ መንግሥት ገብተው ትከሻው ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል፤ እሱም እነሱ የፈለጉትን ዳኛ ይሾምላቸዋል። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሕዝቡ ይዞ ሊያነግሠው በመጣ ጊዜ ጌታ ጥሏቸው ብቻውን ወደ ተራራ ሸሽቷል። እነዚህ ደግሞ ለመንገሥ ተራራ ይወጣሉ። ይህን ለወንድም ጌታሁን ነግሬው ነበር ወይ? አልነገርኩትም። አስተርጓሚ የራሱ ሐሳብ የለውም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ለፈሪ ሰው ከዚህ የተመቸ ሥራ የለም።

ከዚያ ወንድም ጌታሁን ተራሮቹን አከፋፈለን፤ እያንዳንዱ በደረሰው ተራራ ላይ እንዲጸልይ። ንግድ ለወንድም ላምቤቦ ደረሰው። ወንድም ላምቤቦ ሱቁ ሁለት ጊዜ የተዘረፈ፣ የውጭ ሰው ከአገራችን ይውጣ የሚሉ ሰልፈኞች ፍሪጁን ተሸክመው ሲሄዱ ጎረቤት ጣራ ላይ ተኝቶ ያየ ሰው ነው። ሚዲያ ለእኔ ደረሰኝ፤ የኢንተርኔት ዴታ ስለማላጣ ይመስለኛል። መንግሥት ለእህት ታደለች።

እህት ታደለች ባሏ ሱቁ ውስጥ በጥይት የተገደለባት ሴት ናት። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ዮቪል አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ምግብ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች። ከገዳዮቹ አንዱ ዛሬም በዚያው ሰፈር ይመላለሳል። ትልቋ ልጇ ታውቀዋለች፤ የከፋው ነገር፣ እሱም እሷን ያውቃታል። በዚህ ምክንያት ወደ አሜሪካ ሄደው እንዲሰፍሩ በስደተኝነት ፋይል ተከፍቶላቸዋል። ቃለ መጠይቁ አልቋል፣ የጤና ምርመራው አልቋል፤ የቀራቸው መጠራት ብቻ ነው። ወንድም ጌታሁን፣ "አንቺ ነገ ከነገ ወዲያ የዚያ አገር ሰው ነሽ፤ ለመንግሥትሽ ጸልዪ" ብሎ ተራራውን ሲሰጣት ደስ አላት።

ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ቪዲዮ መጣ። ሰባኪው የኢየሩሳሌምን ቅጥር እያነሳ፣ ቅጥር የእግዚአብሔር ሐሳብ ነው ይላል። በየድንበሩ የሚንጋጋው ስደተኛ ባዕድ አምላክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የተቀባው ሰው በሩን እንዲዘጋ ከሰማይ ታዟል ይላል። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔ የዘይት ካርቶኔ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አርባ ስደተኛ ትርጉሜን ይጠብቃል። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ስኳር ጨመርኩበት። "ጌታ የፈረሰውን የሕይወታችንን ቅጥር ይሠራል" ብዬ ላክሁት።

የመጀመሪያው አሜን የእህት ታደለች ነበር፤ እያለቀሰች። የእሷ ቅጥር ባሏ የተገደለ ቀን ፈርሷላ። ቃሉ ለእሷ የመጣ መሰላት። ወንድም ጌታሁን የሦስት ቀን ጾም ሲያውጅ እጇን ቀድማ ያወጣችውም እሷ ናት። እኔም ጾምኩ፤ በገዛ ውሸቴ ተርቤ። የመደብሩ ባለቤት፣ የስልጤው ሐጂ፣ ከንፈሬ መድረቁን አይቶ፣ "ረመዳን አልፏል እኮ" አለኝ። ለአሜሪካ ምርጫ ነው አልኩት። ካርቶን ቁጠር ብሎኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እህት ታደለች በእግሯ ሜይፌር ድረስ መጣች። ማስኳን ዝቅ ስታደርገው ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስልኳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሷት፣ የጉዞ ቀን መስሏት ነው ሮጣ የመጣችው። አነበብኩት። በመንግሥት ውሳኔ የሚገቡ ስደተኞች ቁጥር ስለተቀነሰ ጉዳይዎ ላልተወሰነ ጊዜ ይቆያል ይላል። እዚህኛው ላይ ግን ስኳር አልጨመርኩም፤ ልጆቿ አሉበት።

"የየትኛው መንግሥት ውሳኔ?" አለች።

"የአሜሪካ።"

"የአሁኑ ነው? የምንጾምለት?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ያኔ የቅጥሩን ነገር ነገርኳት፤ እንዳለ፣ እንዴት እንደለወጥኩትም ጭምር። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። ቪዲዮውን ክፈትልኝ አለች። እያቆምኩ ቃል በቃል ተረጎምኩላት፤ እሷ እንግሊዝኛውን አይታው እንደማታውቀው እንስሳ ታየዋለች። ሲያልቅ፣ "ሌላ ጊዜ እንዳለ ንገረን። ሕፃናት አይደለንም" አለችኝ። ቃሌ ነው አልኳት። ቀጥላም፣ "ወንድሞቼ ይህን ሰምተው ቢሆን ኖሮ አይጾሙም ነበር" አለች። ሐጂ አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጥቶ ሰጣት። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

እኔ ንዴቴ በማን ላይ እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ። ከውቅያኖስ ማዶ የተመቸው ሰባኪ፣ መበለት በጾሟ የአገሩን ደጃፍ እንድትቆልፍለት ያደርጋል፤ በራሷ ላይ። መቆለፊያውን ያቀበልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

የጾምንለት ሰውዬ ተሸነፈ። ይህን ታውቃላችሁ። ነቢያት የሚባሉት ሰባኪዎቹ ግን አልተሸነፈም አሉ፤ ተራራው ተሰርቋል፣ ይመለሳል አሉ። ወንድም ጌታሁን ሌላ ሦስት ቀን አወጀና ሌላ ቪዲዮ ላከልኝ። ይኸኛው ከፊተኛው ይብሳል። ምድሪቱን ባዕዳን ሞሏት፤ ተለቅመው ወደመጡበት ይመለሱ፤ የሚራራላቸው መሪ የተረገመ ይሁን ይላል። ለእህት ታደለች ቃል ገብቼላታለሁና አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ስደተኛ ያለውን ስደተኛ አልኩ። ተለቅመው ያለውን ተለቅመው አልኩ። ዛሬ ይህ ቡድን ይፈርሳል፣ ይፍረስም ብዬ ላክሁት።

አሜን።

አሜን፣ አሜን፣ ተባረክ ወንድሜ። የእሳት ምልክት፣ የተጣመሩ እጆች፣ እንደገና አሜን። ሂልብሮው አንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት የሚተኛው አሜን አለ። ፔፐሩ ያለፈበት አሜን አለ። ወንድም ላምቤቦ ሦስት ጊዜ አሜን አለ። ትርጉሙ ላይ የተሳሳትኩ መስሎኝ የራሴን ድምፅ መልሼ አዳመጥኩት። አልተሳሳትኩም። ወንድም ላምቤቦ ጋ ደወልኩ።

"ሰምተኸዋል?" አልኩት።

"እንዴት አልሰማም? ድንቅ ቃል ነው።"

"ስደተኛው ተለቅሞ ይውጣ እኮ ነው የሚለው። ፍሪጅህን የወሰዱት ሰዎች ያሉት ይህንኑ ነው።"

"እሱማ የሚለው ጌታን የማያውቁትን ነው" አለኝ፣ በትዕግሥት፣ ለማይገባው ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው። "እኛ እንግዶች አይደለንም፤ የመንግሥቱ ልጆች ነን።" ከኋላው ደንበኛ በዙሉ "ሳውቦና" ብሎ ሰላም ሲለው ተሰማኝ፤ ዳቦ ሊሰጠው ስልኩን ዘጋው።

ትንሽ ቆይቶ እህት ታደለች ደወለች። ምግብ ቤት ሆና ነው፤ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። ዴታዋ አልቆባት ቡድኑን ማየት አልቻለችም።

"እንዳለ ነገርካቸው?"

"እንዳለ ነገርኳቸው። አንድም ቃል አላስቀረሁም።"

"ምን አሉ?"

መዋሸት ለምዶብኝ ነበር፤ ይህን ግን እንዳለ ነገርኳት።

"አሜን አሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

"እኔን እኮ ያውቁኛል" አለችኝ። "ልጆቼንም ያውቋቸዋል።"

"አዎ፣ እህቴ" አልኳት። "ያውቋችኋል።"