ለሽምግልና ሄጄ ስለ «ኮልድ» ያስተማርኩ ዕለት

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ስነግራችሁ «እኚህ ሰውዬ ላይክ ፈልገው ነው» ትላላችሁ። በልጆቼ እምላለሁ፣ አይደለም!

ሽማግሌ ተብዬ ተልኬ፣ ያለቀለትን ጋብቻ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አናግቼ መጣሁ።

በአንድ ቃል!

መጀመሪያ ለማታውቁኝ። ካዛንቺስ ውስጥ እንግሊዝኛን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ማነው ቢባል የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ነው የሄድኩት። ቀሪውን ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ፣ ከመኪና መለዋወጫ መመሪያ ላይ ቃል በቃል ለቀምኩት። ዛሬ ዲግሪ ያላቸው ልጆች ሲቪያቸውን ላርምላቸው ደጄን ያንኳኳሉ። ጉራ አይደለም፤ መረጃ ነው።

ወደ ውርደቴ ልመለስ።

ናሆም የሚባል የጎረቤቴ ልጅ አለ። አባቱ ካረፈ ወዲህ እኔን እንደ አባት ነው የሚያየው። መክሊት የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ያን ያህልም ጅል አይደለሁም።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሆነን ኡራኤል ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄድን። ጠያቂው ጋሽ በላቸው ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ግማሽ ሰፈር ያጋባ ሰው። አባቷ አቶ ግዛው እንደ ወጉ «ከቤተዘመድ ጋር መክረን መልስ እንሰጣለን» ብለው ሸኙን።

ዛሬ መልሱን የምንቀበልበት ቀን ነበር።

መልሱ «እሺ» እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አዳራሹ ተይዟል እኮ! የቀረን መስማት፣ መመረቅና መብላት ብቻ።

የሽምግልና ሕግ ቀላል ነው። አንዱ ይናገራል፤ ሌሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ በላቸው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አሳስቦኛል።

«ዛሬ አንተ ጋቢ ለብሰህ ዝም። ሌላ ሥራ የለህም።»

እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር!

ገና ገብተን ከመቀመጣችን የመክሊት እናት «ለስላሳው ቀዝቃዛ ይሁን ወይስ ኖርማል?» ብለው ጠየቁ።

በቃ። ምላሴ ጋቢዋን ጥላ ተነሳች።

«ለመሆኑ በእንግሊዝኛ ኮልድ ማለት ቀዝቃዛ ብቻ ይመስላችኋል?» አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም። አንድም ሰው!

አቶ ግዛው ለጨዋነት ያህል «እንዴት ማለት?» አሉ። እንዲህ ዓይነት አድማጭ ከተገኘ ስንት ዘመኑ! ሰው ዓይቶ እንዳላየ ሲያልፍህ ኮልድ ሾልደር ሰጠህ እንደሚባል አስረዳሁ። ጭካኔውን ሳይደነግጥ የሚሠራ ሰው ደሙ ኮልድ እንደሚባል ጨመርኩ። አቶ ግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሞቀኝ።

ጋሽ በላቸውን ሳል ጀመረው።

«ይኸውላችሁ!» አልኩ፤ «ይህ የጋሽ በላቸው ጉንፋንም ኮልድ ነው የሚባለው!»

ጉንፋን አልነበረውም። «ዝም በል» እያለኝ ነበር። እናንተም ገብቷችኋል አይደል? ለእኔ ብቻ ነው ያልገባኝ።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ምሳሌ መጣሁ። ሙሽራ ሠርጉ ሲቃረብ ልቡ ከከዳው፣ እንግሊዞች እግሩ ኮልድ ሆነ ይላሉ አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ!

ግን ያለ ምሳሌ ማስተማር አልወድም።

«የኛው ናሆም ለምሳሌ፣ አሁን በቅርቡ ፈርቶ ሰባት ቀን ሙሉ ስልኩን አጥፍቶ እኔ ቤት ተደብቆ አልነበረም እንዴ? አሁን ግን ቆርጦ ተነስቷል!»

ለማሞገስ እኮ ነው! ፍርሃቱን አሸነፈ ማለቴ ነው።

ሳሉ ቆመ።

መክሊት ብርጭቆ የያዘ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። «ሐዋሳ አካባቢ ገጠር ለፊልድ ወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም ያለኝ ሳምንት ነው?» አለች።

ጋሽ በላቸው እግሬን ረገጠኝ።

«እርስዎ ቤት ነበር? ሰባቱንም ቀን?»

«አዎ ልጄ፤ ግን በጣም ተጨንቆ ነበር።»

«ተጨንቆ ምን ሲሠራ ነበር?»

እንዳልዋሽ ሽማግሌ ነኝ። «ተኝቶ ኳስ ሲያይ» አልኩ።

ትሪውን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ገባች። ብትሰብረው በተሻለኝ ነበር።

አቶ ግዛው ከወንበራቸው ተነሱ። «ልጄን የምሰጠው ለሽማግሌ አይደለም። እሑድ ልጁ ራሱ ይምጣ፤ የት እንደነበረ ራሱ ይንገረኝ። ከዚያ መልሴን ይሰማል።»

ሙሽራ ራሱ ይምጣ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ አላውቅም። ምግቡ እንኳን አልቀረበም። ከጓዳ ይሸተን ነበር እኮ!

ስንመለስ ጋሽ በላቸው ከታክሲው ሲወርድ በሩን ይዞ እንዲህ አለኝ፤ «ስማ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ አውራ። ቢያንስ የምትለው ለማንም አይገባም።»

ናሆም ደወለ። «ጋሼ፣ እርስዎን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ» ብሎ ዘጋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ያበቃ መስሏችኋል?

ከአንድ ሰዓት በፊት መክሊት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ያን ሳምንት ስለ እኔ ምን ይል ነበር? እውነቱን ብቻ። በአማርኛ።»

ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ እንጀራውን እንደያዘ፣ «ጋሼ፣ እሷ እኮ በሁሉም ነገር ትበልጠኛለች፤ አንድ ቀን ስትነቃ ምን እሆናለሁ?» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

አዎ፣ አሁን ለእናንተ ነገርኳችሁ። አውቃለሁ! እሷ ፌስቡክ ላይ የለችም።

ይህን ብትሰማ እሑድን ሳትጠብቅ ይቅር የምትለው ይመስለኛል። ወይም ደግሞ ሌላ ምስጢር አውጥቼ ጨርሶ እቀብረዋለሁ። አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ ሰረዝኩ። እኔ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ማመልከቻ የምጽፈው ሰውዬ!

እባካችሁ ንገሩኝ፤ ልላክላት ወይስ አፌን ልዝጋ?

ቶሎ በሉ። ኦንላይን ናት።