አንድ ልጅ ለሦስት ዴስክ

ትናንት ሌሊት ዴስኮች ተሰልፈው አየሁ። ሰልፉ ከባንዲራው ምሰሶ ተነስቶ፣ ሽንት ቤቱን ዞሮ፣ አስፋልት ይደርሳል። የሚጠብቁት ልጅ ነበር።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአራተኛ «ለ» መምህርት ነኝ። ሰባ አንድ ተማሪና አሥራ ሁለት ዴስክ አለኝ፤ ግማሹ ልጅ ወለል ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ይጽፋል። ሰሞኑን ሠላሳ አዲስ ዴስክ በጣም ለቸገረው አንድ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ነው ተባለና ትናንት ኢንስፔክሽን መጣብን። እኛ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ገበናችንን መሸፈን እንጂ ማሳየት አናውቅበትም። ከጎረቤት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዴስክ ተውሰን በትከሻችን ተሸክመን አመጣን። የባለቤቱ ስም እንዳይታይ አረንጓዴ ቀለም ቀባናቸው፤ እንዳይለያዩ ብለን የራሳችንንም ቀባን። ከወለል ተነስታ የማታውቀው ተማሪዬ ሰሚራ ዴስክ ላይ ተቀመጠችና ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ቲቸር፣ ይኼ የእኛ ነው?» አለችኝ፣ ኢንስፔክተሩ ፊት።

«ዝም ብለሽ ጻፊ!» አልኳት። እንዲያ ማለቴ ሲያንገበግበኝ አመሸ።

በሕልሜ ታዲያ ሰሚራ በበሩ ስትገባ የዴስኮቹ ሰልፍ ፈረሰ። ሦስቱ ተሯሩጠው ከበቧት።

«እኔ ላይ ተቀመጪ!»

«እኔ እኮ ከሰኞ ጀምሮ ተራ ይዣለሁ!»

«አንድ ልጅ ለሦስት ዴስክ! የትምህርት ጥራት ማለት ይኼ ነው?» ብሎ አንዱ እግሩ የተሰበረ ዴስክ ተንሰቀሰቀ።

ከበሩ ውጭ ከረባት ያሰሩ ወላጆች ፍራሽ አንጥፈው አድረዋል። ልጆቻቸውን ከግል ትምህርት ቤት አስወጥተው እኛ ጋ ሊያስመዘግቡ ነው። ጥበቃችን ጋሽ ወልደየስ ዱላቸውን ወዘወዙባቸው።

«ሞልቷል! ሞልቷል አልኩ!»

«ጋሼ፣ በእናትዎ! ልጄ እዚያ ብቻውን ዴስክ ላይ እየተቀመጠ መጋራት ሳይለምድ አደገብኝ» አለ አንዱ ወላጅ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሰሚራ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ ኢንስፔክተር ሆነች። እኔ ቦርሳዋን ተሸክሜ ከኋላ ኋላዋ እላለሁ። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ገባን። ሠራተኞቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ማኅተም ይመታሉ። ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ኃላፊውና ሁለት ምክትሎቹ ተጣበው ተቀምጠውበታል።

«የቀሩት ሠራተኞች የት አሉ?» አለች ሰሚራ።

«የከሰዓት ፈረቃ ናቸው» አለ ኃላፊው፣ ብድግ ብሎ እጁን ወደኋላ አጣምሮ።

«ጥፍርህን አሳየኝ።»

አሳያት።

«የዘንድሮ ዕቅድህስ?»

«ሠርቼው ነበር፣ ቤት ረሳሁት።»

«በል ወላጅህን ይዘህ ና!»

ኃላፊው እያለቀሰ ወጥቶ እናቱን ይዞ ተመለሰ። ዘጠና ዓመት የሞላቸው አሮጊት ናቸው። ምክትሎቹን በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ቤት እንኳ ጨዋ ነው፤ እነዚህ ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት» አሉ። ከዚያ ለአሥር ዓመቷ ሰሚራ ጎንበስ ብለው፣ «የኔ እመቤት፣ እንደ ልጅዎ ይቅጡልኝ» አሏት።

«ነገ በጀት ይዞ ይምጣ፤ አለዚያ ቢሮ አይገባም» አለች። አሮጊቷ ልጃቸውን ጆሮውን ይዘው እየጎተቱ ወጡ፤ ምክትሎቹም ተከተሏቸው።

ሰሚራ ወደ ባዶው ወንበር ጠጋ አለች። አረንጓዴ ነበር። ዳበሰችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ይኼ የእኛ ነው?»

ዴስኮቹ ሁሉ ተከትለውን መጥተው ኖሮ በመስኮት አጮልቀው ያዩናል። አሁንስ እውነቱን እነግራታለሁ አልኩ። «የተውሶ ነው» ልል አፌን ስከፍት የጠመኔ ብናኝ ቡን አለ። አሳለኝ። ሳልኩ፣ ሳልኩና ነቃሁ።

ስልኬ ይጮሃል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ደግፌ ናቸው።

«መምህርት፣ እንኳን ደስ አለሽ! በኢንስፔክሽኑ ደረጃ ሦስት ገባን!»

«አዲሱ ዴስክስ?»

«እሱማ... እናንተ ሞልቷችኋል ብለው ለጎረቤት ሰጡት። ትናንት ከእኛ ወጥተው እዚያ ሲሄዱ አንዱ ክፍል ባዶ ወለል ሆኖ አገኙት። በጣም ነው ያዘኑት አሉ።»

«ይሁን፤ የራሳችን አሥራ ሁለቱ አሉን።»

አቶ ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጎረቤቶቻችን የተውሶውን ሊወስዱ ማልደው በአይሱዙ መጥተው ነበር። እኔ ደግሞ ጋሽ ወልደየስን፣ አረንጓዴዎቹን አስረክባቸው ብዬው ነበር።»

«ሁሉም እኮ አረንጓዴ ናቸው!»

«እሷን ነገር ረሳናት። ደብዳቤ እንጽፋለን። ለቀለሙ ግን አመስግነዋል።»

ፊቴን ሳልታጠብ ሮጥኩ። ሰባ አንዱም ተማሪዎቼ ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ሰሚራ ስታየኝ የዩኒፎርም ሹራቧን ጀርባ ወደፊት ጎትታ አሳየችኝ፤ ትናንት ያልደረቀው ቀለም አረንጓዴ መስመር አስምሮበታል።

«ቲቸር፣ ይኼስ የእኛ ነው?»

«አዎ ሰሚዬ» አልኳት፤ «እሱ የእኛ ነው።»