ለሙሽራ የተቀመመው ዘይት

አጥር የሚታጠረው ለዓይን ነው። ለአፍንጫ የሚሆን አጥር ያጠረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በኛ በመካነ ሰላም ደግሞ ንፋሱ ራሱ አሳባቂ ነው፤ የማን ሽሮ እንዳረረ፣ ማን ቅቤ እንዳነጠረ ቁጭ ባልኩበት ያመጣልኛል። ከዚያ ወሬኛ ናት ይሉኛል። ምን ላድርግ? አፍንጫዬን ቆርጬ ልጣል?

አንድ ቀን ታዲያ ከረህመት ግቢ የማላውቀው ሽታ መጣ። ረህመት አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች። ስትሄድ ሴት ልጇን ገና በጡት ሳለች ለእናቷ ትታት ነበር፤ ስትመለስ ልጅቱ “ይህቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?” ብላ አያቷን ጠየቀች አሉ። አሉ አልኩ እንጂ ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ቀስ በቀስ ግን ለመደቻት፤ አሁን ካለሷ አልተኛም ትላለች። ረህመትም ከእንግዲህ ልጄን ጥዬ አልሄድም ብላ ማለች። መሐላ ግን እንጀራ አይሆን። ሰው ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ ይደውላል። እሷ ደግሞ እመቤቷ ቤት ስታይ የኖረችውን የሽቶ ዘይት ቅመማ እዚሁ ልትሞክረው ተነሳች። ከተሸጠላት ትቀራለች፤ ካልተሸጠላት ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

አሠራሩን ያየ ሰው ቢጠረጥር ግን አይፈረድበትም። የባህር ዛፍም ሆነ ሌላ ቅጠል ድስት ሙሉ ከውኃ ጋር ትጥዳለች። ክዳኑን በሊጥ ትለጉማለች። ሸንበቆ ትሰካለች። እንፋሎቱ በሸንበቆው ሄዶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተነከረ ጠርሙስ ጠብ ጠብ ይላል። እስቲ ይህ ምንድን ነው? አረቄ አይደል? እኔ ለማንም አላወራሁም። ለአንዲት ሴት ብቻ ነገርኳት፤ እሷ ግን አፏ አያርፍም። ወሬው የረህመት አጎት ሸህ እንድሪስ ጆሮ ደረሰ። ለልጆች ቁርአን የሚያቀሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። በትራቸውን ይዘው መጡና “ክፈችው!” አሏት። ከፈተችው። የባህር ዛፉ እንፋሎት ፊታቸውን ሲመታቸው ማስነጠስ ያዛቸው። ባስነጠሱ ቁጥር “አልሀምዱሊላህ!” ይላሉ። እንባቸውን ጠርገው ሄዱ። ሰፈሩም “ሸሁ አመስግነውበታል” አለ። የአረቄው ወሬ በዚሁ አለቀ።

ጣጣው ቅመማው ላይ ነበር። ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ትለይና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ጠብታ በጠብታ ታዋህደዋለች። መጀመሪያ ከሥጋ መጥበሻ ቅጠል የሠራችውን ቀባችኝ። ቤቴ ስገባ ባሌ “ዛሬ ሥጋ አለ እንዴ?” ብሎ እጁን ታጠበ። ሽሮ ሳቀርብለት ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ጠጅ ሳሩ ደህና ነበር፣ ግን ቶሎ ይጠፋል። አሪቲ ጨመረች፣ አደስ ጨመረች፤ አልበረክት አለ። በመጨረሻ፣ “እመቤቴ ልብስ መሀል ታስቀምጠው ነበር፣ ሽታው አይለቅም” ብላ ካፉር የሚሉትን ነጭ ሙጫ ከተተችበት።

ካፉር! በኛ ዘንድ ካፉር የሚሸተው ሬሳ ሲታጠብ ነው። ወጣትነቷን በሰው አገር የጨረሰች፣ ሬሳ ካለበት ገብታ የማታውቅ፣ በምን ትወቀው? እኔ ያን ዕለት ለቅሶ ብዬ ከላላ ሄጄ ነበር። ብኖር ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ በጮህኩ።

የጎረቤታችን የዘይነብ ልጅ ልትዳር እንሶስላ የምትሞቅበት ቀን ደረሰ። ረህመት ሰው ይይልኝ ብላ የሙሽራዋን አንገትና ክንድ ቀባች። ከበሮው እየተመታ ነው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከበሮው ቀዘቀዘ። አንዷ እግሯን ሰበሰበች። ጥግ ላይ እማማ ዘሀራ ነበሩ፤ የሴት ሬሳ የሚያጥቡልን እሳቸው ናቸው። ከሸለብታቸው ባነኑና “ኢናሊላሂ! ማን ሆነች የሞተችው? ውኃው ሞቋል?” አሉ።

ሙሽራዋ አለቀሰች። ዘይነብ ልጇን በሳሙና እየፈተገች “ምነው ረህመት! ልጄን በቁሟ ገነዝሽብኝ!” አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ይግዛ? ጠርሙሶቹ መስኮት ላይ አቧራ ለበሱ። ረህመት ለደላላው “እሺ” አለችው። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አንድ እግር ጫማዋ ጠፋ። ቤቱ ተበረበረ። ለካ ልጅቱ ተቀምጣበታለች። “ተነሺ” ቢሏት “አልነሳም” አለች። አጥሩ ሥር ሆኜ ነው ያየሁት። ከዚያ ግቢ ዓይኔን መልሼ አውቃለሁ ብል ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ እማማ ዘሀራ እያነከሱ መጡ።

“ያን የሠርጉን ዘይት አምጪ” አሏት።

“ምን ያደርግልዎታል እማማ?”

“ከፈኔን ገዝቼ ሳጥን ካስቀመጥኩት ስንት ዘመኔ። አይጥ አይጥ ይሸታል። ስንቷን አሳምሬ ሸኝቼ እኔ እንዲህ ልሂድ?”

እውነታቸውን ነው። በኛ አገር ያረጀ ሰው ከፈኑን፣ መገነዣ ጨርቁን፣ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? ወሬው ተነዛ፤ ይህን እንኳ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፣ አልክድም። ከአቀስታ በሚኒባስ፣ ከከላላ በበቅሎ አሮጊቱ ሁሉ መጣ። ክርስቲያኖቹም ለመግነዛችን ብለው ወሰዱ። ለሙሽሮች ልሽጥ ብትል ኖሮስ ምን ይውጣት ነበር? ሙሽራ የት አለና? ልጆቹ ባሕር ተሻግረው አልቀው፣ የቀረነው ሳጥናችንን እያሸተትን ተራ የምንጠብቅ ነን።

ረህመት ቀረች። ደላላው ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። በሷ ቦታ ያቺን ሙሽራ፣ የዘይነብን ልጅ ወሰዳት። ባሏ ሥራ የለው፣ እሷም ምን ታድርግ? እንሶስላው ከእጇ ሳይለቅ ሄደች። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። ሲደግስ ግን እህሉን ከሌላ ሰው ጎተራ ነው መሰለኝ የሚያወጣው።

አሁን የረህመት ሥራ ደርቷል። ጨዋ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በየደጁ ጤና ትጠይቃለች። ድሮ ብትጠይቀን ወገባችንንም፣ ጉልበታችንንም ዘርዝረን እንነግራት ነበር። ዛሬ የከፈን ዘይት ሻጭ ስትጠይቅ ግን ሰፈሩ ሁሉ ድንገት ድኗል። ትናንት እኔንም “እትዬ፣ ሳሉ እንዴት አደረ?” አለችኝ።

“የምን ሳል?” አልኳትና ቤቴ ገባሁ። ገብቼ በሬን ዘጋሁ፤ ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ እስኪወጣልኝ ሳልኩ።