ሐጂ ዋርሳሜ በእግር የፈተኑኝ አራት ቀን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለአራት ቀን የተራራ መንገድ ስንት ካልሲ ይያዛል? አራት ያላችሁ እንደኔ ከተማ ያደጋችሁ ናችሁ። ስምንት ያላችሁ ደግሞ ሻንጣችሁን የምታዘጋጀው እናታችሁ ናት። እኔ አሥራ ሁለት ይዤ ነበር። ለምን አሥራ ሁለት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የፈራ ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ ቁጥር ይጠፋበታል።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሞባይል ገና ጅጅጋ ሳይደርስ። ጀማል እባላለሁ፣ የመርካቶ ልጅ ነኝ። ጅጅጋ የሄድኩት ጂኦግራፊ ላስተምር ተመድቤ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ሆዳን የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ከእኔ ክፍል ጎን ተመደበች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ድምጿ ይሰማኛል። እኔ ስለ ዓባይ እያስተማርኩ ጆሮዬ ከግድግዳው ማዶ ክፍልፋይ ሲደመር ያዳምጣል። ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው ነቁ። አንዱ ዓባይ ወዴት ነው የሚፈሰው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስበው ወደ ሒሳብ ክፍል አመለከትኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወሬው እስከ እረፍት ሰዓት ሆዳን ጋ ደርሶ ነበር፤ እኔም ከዚያ በኋላ መደበቁን ተውኩት።

ሆዳን እሺ አለች። እናቷም እሺ አሉ። እሳቸውን እንደ ልጆቻቸው «ሆዮ» ነው የምላቸው፤ በሶማሊኛ እማዬ እንደማለት ነው። የቀሩት አባቷ ሐጂ ዋርሳሜ ናቸው። ሐጂ የታወቁ የፍየልና የበግ ነጋዴ ናቸው። ሀርሺን አካባቢ ይሰበስባሉ፣ ድንበር ተሻግረው በርበራ ወደብ ያደርሳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ናቸው። ቁመታቸው ረዥም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ንግግራቸው አጭር። ሽማግሌ ስልክባቸው በክብር ተቀበሉ፣ ሻይ አስቀረቡ፣ ዘር ማንዘሬን ጠየቁ። ሃይማኖቱ አንድ ነው፣ ደሞዙም ትንሽ ቢሆን ሐላል ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ አለቀ ብለው ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲነሱ፣ አብሬው ላልተጓዝኩት ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው አረፉት።

ይህ የሳቸው ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እዚያ አገር ሰው የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ማን ደግ ያልሆነ አለ? ውኃ ሲያንስ፣ እግር ሲላጥ፣ ፀሐይ ስትበረታ ነው ጠባይ የሚወጣው። ሐጂ በዚያ ሰሞን ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ አፍደም ሊሄዱ ነበር። እህታቸው በበጋ ግመሎቻቸውን ይዘው የአፍደም ተራራ ላይ ይወጣሉ፤ ሣር የሚገኘው እዚያ ነው። ሁለት ቀን መውጣት፣ ሁለት ቀን መውረድ። በእግር። ይምጣና እንተያይ አሉ።

እኔ እንግዲህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ተራራን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚፈጠር፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ብርዱ ለምን እንደሚጨምር፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ያልሳልኩት ተራራ የለም። የወጣሁት ነው የሌለው።

ሆዳን አባቷን ስለምታውቅ መከረችኝ። አባቴ አንድ ቅያሪ ሽርጥ፣ አንድ መፋቂያና አንድ ዱላ ይዞ ነው የሚሄደው፣ አንተም እንደሱ አድርግ አለችኝ። ዱላ የለኝም አልኳት። ምክሯን እዚያ ላይ አቆመች።

የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። እኚህ ሰው አራት ቀን ሙሉ ሊያዩኝ ነው። አንድም ቀን ሳልላጭ እንዳያዩኝ! አባቴ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ የሞተ ሰው ነው፤ ጫማው ያልተወለወለ ሰው ዋጋ ሲናገር ገዢ አያምነውም ይለኝ ነበር። ስለዚህ ጫማ ቀለም ከነብሩሹ ያዝኩ። መላጫ፣ የመላጫ ሳሙና፣ ከተላጩ በኋላ የሚቀባ የሚያቃጥል ነገር፣ የእጅ መስታወት፣ ቫዝሊን፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ሁለት ፎጣ፣ ሽቶ፣ የብብት ሽታ ማጥፊያ፣ ለእግር የሚነሰነስ ዱቄት፣ ሦስት ነጭ ሸሚዝ። ካውያም ላስገባ ነበር። የከሰል ካውያ! ሆዳን አይታኝ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መልሼ አወጣሁት።

ድሬዳዋ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ አፍደም በባቡር ሄድን። ሐጂ አፍደም ጣቢያ ስንወርድ ሻንጣዬን በአንድ እጃቸው ከፍ ሊያደርጉት ሞከሩ። መልሰው አስቀመጡት።

«ማአሊን፣ ስንት ዓመት ልንቆይ ነው?» አሉኝ። ማአሊን በሶማሊኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ሁልጊዜም የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው።

አንድ ግመል ከነባለቤቱ ጠበቀን። ባለግመሉ ጉሌድ ይባላል፤ የሐጂ የአጎት ልጅ ነው፤ አማርኛውን ድሬዳዋ ጫና ሲያወርድ የለመደ ጎልማሳ። ግመሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ጀሪካን ውኃ፣ ምንጣፍ፣ ማንቆርቆሪያና የእኔ ሻንጣ ተጫኑ። የሐጂ ጓዝ ትከሻቸው ላይ ነው።

ስለ ሽርጥ አንድ ነገር ልበላችሁማ። ያቺን የሐጂን ቅያሪ ሽርጥ ቀኑን ሙሉ ስከታተላት ዋልኩ። ፀሐይ ስትበረታ ጥምጣም ሆነች። ምሳ ሲደርስ ቴምር የሚቋጠርባት ከረጢት ሆነች። ሲታጠቡ ፎጣ፣ ሲጋደሙ ትራስ፣ ብርድ ሲሆን ብርድ ልብስ። እኔ ለዚህ ሁሉ የተለያየ ዕቃ ይዣለሁ፤ ግን የትኛው የት ኪስ ውስጥ እንደገባ ለማግኘት ግመሉ መንበርከክ አለበት። ግመል ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ተንበርከክ ሲባል ደስ አይለውም። ይጮሃል፤ ሲጮህ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል።

የተወለወለው ጫማዬ እስከ ቀትር ድረስ ነው የቆየው። ጥቁሩ ድንጋይ ሶሉን በላው፣ ጫማው ደግሞ ተረከዜን። ከሰዓት በኋላ የቀረውን መንገድ በሸበጥ ወጣሁት፤ ለመታጠቢያ ብዬ በያዝኩት በላስቲክ ሸበጥ። ከእግሬ በላይ ያመመኝ የሐጂ አጠባበቅ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፣ ስደርስ ተነስተው ይሄዳሉ። እኔ ልቀመጥ ስል።

በማግስቱ ጠዋት ትልቁን ጥፋት አጠፋሁ። ከእንቅልፌ ስነሳ አገጬን ዳሰስኩ። ሸካራ ነው። መስታወቴን ግራር ላይ ሰቀልኩ። ከቀረን ጀሪካን አንድ ጣሳ ቀድቼ በሳሙናው አረፋ ሠራሁ። አንድ ጣሳ ለማለቅለቅ። ከዚያ ፊቴን፣ አንገቴን፣ እጄን። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እግሬንም። የቆሸሸውን መሬት ላይ ደፋሁት። ዞር ስል ጉሌድ ቆሞ እርጥቡን መሬት ያያል። ሐጂ ከሶላት በፊት ለውዱእ የተጠቀሙት ውኃ አንዲት የሻይ ብርጭቆ አይሞላም ነበር። የሚቀጥለው ውኃ እህታቸው ሰፈር ነው፤ ሙሉ ቀን መንገድ።

ጉሌድ ማንቆርቆሪያውን አውጥቶ አየው። መልሶ ግመሉ ላይ አሰረው። አጠገቤ ሲያልፍ ቀስ ብሎ፣ «የሐጂ ሻይ ፊትህ ላይ ነው» አለኝ።

ሐጂ ያን ጠዋት ሻይ አልጠጡም። አንድ ሶማሌ ነጋዴን ያለ ሻይ መንገድ ማስጀመር ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ፣ ደህና። የምታውቁ ግን እዘኑልኝ። ሆዳን ከእጄ ስታመልጥ ታየችኝ። እፍረቴን የት ላድርገው? ምን እንደመጣልኝ አታውቁም። ሽቶ ተቀባሁ። ሽታዬ ቢያምር ትንሽ ይሻሻላል ብዬ ይሆናል።

ሽቶው የብርቱካን አበባ ሽታ አለው። ሰዎቹን ምን እንዳሰኛቸው አላውቅም። ንቦቹ ግን ወደዱት። አንድ ገደል ጥግ ስንደርስ መጡ። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ። እኔ በፎጣ ስከላከል በዙ። ሐጂ ሽርጣቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ኩርምት አሉና ዝም። እኔ ሮጥኩ። የሮጥኩት ደግሞ ወደ ግመሉ ነው። ግመሉ ደነበረ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ ሻንጣዬ ቁልቁል ተንከባለለና ተከፈተ። ዕቃዬ ሁሉ ተራራው ላይ ተዘራ።

ንቦቹ ከሄዱ በኋላ ሐጂና ጉሌድ አንድ በአንድ ለቀሙልኝ። እኔ ዓይኔ አብጦ በአንዱ ነው የማየው። ሐጂ እያንዳንዱን እያነሱ ይህ ምንድን ነው ይሉኛል። እመልሳለሁ። የጫማ ብሩሽ። እሺ። የእግር ዱቄት። እሺ። የብብት ሽታ ማጥፊያውን ሲያነሱ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ እዚህ ተራራ ላይ ብብትህን ማን ሊያሸትህ ነው አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። ጥፍር መቁረጫውን ጉሌድ አልመለሰውም። ቫዝሊኑን ሐጂ የተሰነጣጠቀ ተረከዛቸውን ቀቡበት፤ ቀጥሎ ጉሌድ፣ ቀጥሎ የግመሉ ቁስል። ወደ እህታቸው ሰፈር ስንቃረብ ሐጂ መስታወቱን ተቀብለው ጢማቸውን አስተካከሉ። በግራ አዩ፣ በቀኝ አዩ። ትንሽ ረዘም አድርገው አዩ። እኔ ተስፋዬ ለመለመ።

እህታቸው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው ግን የማይስት ሴት ናቸው። በሸበጥ እያነከስኩ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ነጭ ሸሚዜ በአቧራ ቀይ ሆኖ ደረስኩ። ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው፣ ታሞ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሐጂ ተቀመጡ። የግመል ወተት የገባበት ሻይ መጣላቸው፤ ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ተከፈቱ። የሁለቱን ቀን ታሪክ ከባቡር ጣቢያው ጀምረው በሶማሊኛ ተረኩት። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ሰማ። ሶማሊኛዬ ግማሽ ግማሽ ነው፤ የሚያስቀው ግማሽ ግን በደንብ ገባኝ። አንዲት ሴትዮ ንቦቹ ላይ ሲደርስ እንባዋን ጠረገች። ለኔ በዚያች ሰዓት ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። መሳቂያ ለሆነ ሰው ልጁን ማን ይሰጣል?

በመልስ ጉዟችን ስንወርድ አልተላጨሁም። ጫማም አልወለወልኩም። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የአፍደም ሐዲድ ከሩቅ ታየ። ጅጅጋ ደርሶ በሽማግሌ ፊት እምቢ ከመባል እዚሁ ብጨርሰው ይሻላል አልኩ።

«ሐጂ፣ እኔ ለመንገድ አልሆንም» አልኳቸው። «ውኃዎን ደፋሁ፣ ግመል አስደነበርኩ። ሌላ ጊዜ ብንሄድም ከዚህ የተሻለ አልሆንም። አላታልልዎትም። ሆዳንን ግን እወዳታለሁ።»

ቆሙ። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ሐዲዱ አዩ።

«ዋርያ ማአሊን፣ ካንተ በፊት ሁለት ሰዎች ሆዳንን ጠይቀውኛል» አሉኝ። «ከሁለቱም ጋር ተጉዣለሁ። ጎበዝ መንገደኞች ናቸው፤ ውኃ አይፈልጉ፣ እንቅልፍ አይፈልጉ። እኔን ራሴን ይመስላሉ። እምቢ አልኳቸው።»

ታዲያ ለምን አልኳቸው።

«ሆዳን ስትወለድ በርበራ ነበርኩ» አሉ። «መራመድ ስትጀምር ሀርሺን ነበርኩ። ጥርሷ ሲወልቅ የት እንደነበርኩ አላውቅም። እናቷ አርባ ዓመት በር በሩን ስታይ ኖረች። አንተ ግን ዋላሂ፣ የትም አትሄድም።»

እንዲህ ብለው ቁልቁለቱን ወረዱት። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጉሌድ ንቦቹ የነደፉኝ ቦታ ያመመኝ መስሎት ቫዝሊን አቀበለኝ።

ተጋባን። ሦስት ልጆች አሉን። ሦስቱም ሲወለዱ ነበርኩ፤ ሲራመዱ ነበርኩ፤ የያንዳንዳቸው ጥርስ የወለቀበትን ቀን እነግራችኋለሁ። ሐጂም ካረጁ በኋላ ንግዱን ለወንድ ልጃቸው አስረክበው ቤት መዋል ጀመሩ። ያን ሁሉ ዓመት በር ያዩት ሆዮ፣ ባላቸው በር ላይ መጥተው ተቀመጡላቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ሙሽራ ነው የመሰሉት። በሦስተኛው ወር ሐጂ የሆዮን የሽንኩርት አከታተፍ ማረም ጀመሩ። በአራተኛው ቁምሳጥኑ ከቦታው ይነሳ አሉ። እኔ ደግሞ ጡረታ ባልወጣም ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ቤት ነኝ፤ ሆዳን የምትለውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ባለፈው ዓርብ እናትና ልጅ ከጓዳ ሲያንሾካሽኩ ቆይተው ብቅ አሉ። ለእኔና ለሐጂ መንገድ ፈልገውልናል። አራት ቀን ግን አይበቃም ብለዋል።