የሞጣው ሊቀ አራሚ

በዚህ አገር አራሚ የሌለው ከተማ የለም። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አይሽረውም። ምግብ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሰሌዳውን የሚያነበው ሊበላ አይደለም፤ «ጥብስ» በእሳቱ «ሰ» ነው ወይስ በንጉሡ «ሠ» የተጻፈው የሚለውን ለማየት ነው። ግድግዳ ላይ የለቅሶ ማስታወቂያ ሲያይ አስቀድሞ የሚያዝነው ለፊደሉ ነው፤ ለሟቹ የሚያዝነው ፊደሉን ከጨረሰ በኋላ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ሳታውቁ አትቀሩም። ምናልባት አጎታችሁ ይሆናል። የእኔው ግን ደንበኛዬ ነበሩና፣ ከእናንተ ይልቅ እኔ ተቃጥያለሁ።

ቢቸና ውስጥ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። የሠርግ ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ የዘመን መቁጠሪያ አትማለሁ። አራሚዬ የሚኖሩት ደግሞ ሞጣ ነው፤ መምህር ኃይለ ሚካኤል ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ቀይ እስክሪብቶውን ለመንግሥት መመለስ የረሱ ሰው ናቸው። እኔ በልቤ «ሊቀ አራሚ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ።

የተዋወቅነው በ2008 ዓ.ም. ልጃቸውን የትናየትን ሲድሩ ነው። የካርዱን ናሙና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ ከዚያም በትሕትና «ልጄ፣ አንዲት ነገር ብቻ» አሉኝ። አንዲቷ ነገር «ሠርግ» ነበረች። አስተካከልሁ። በሳምንቱ ከሞጣ በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ በደብረ ወርቅ አድርገው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። አንዲት ነገር ብቻ፤ «እሑድ» በሐመሩ «ሑ» ይሁን። በሌላው ሳምንት ደግሞ አራት ነጥቡ ከቃሉ ጋር ተጣብቋል። ዐሥራ አንድ ናሙና አወጣሁላቸው።

«መምህር፣» አልኋቸው በመጨረሻ፣ «ልጅቷ ሳታረጅ እናትመው።»

«እሷስ ማርጀቷ አይቀርም፤» አሉኝ፣ «ስሕተት ግን አያረጅም።»

ያን ጊዜ ነው ከሥራው ልወጣ የደረስሁት። ባሕር ዳር ውስጥ በኮምፒዩተር ሥራ የሚተዳደር ወንደሰን የሚባል ወዳጅ አለኝ። ብሶቴን ሰምቶ ሳቀና አንድ ሶፍትዌር እንዳለ ነገረኝ።

«ደንበኛው በስልኩ ወይ በኢንተርኔት ቤት ወደ ድረ ገጽህ ይገባል፤» አለኝ። «የካርዱን ዓይነት ይመርጣል፤ ስሙን ራሱ ይጽፋል፤ ቀለሙን ራሱ ይለውጣል። ወረቀቱንና ብዛቱን ሲነካ ዋጋው እዚያው ይወጣለታል። ሲጨርስ ‹አንብቤ አረጋግጫለሁ› የሚለውን ሳጥን ነክቶ ይልክልሃል። ያንተ ሥራ ማተም ብቻ ነው።»

«ስሕተት ቢኖርስ?»

«ሳጥኑን የነካው እሱ ነዋ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ሳጥን የወደድሁት ነገር የለም። በወሩ ድረ ገጹ ተከፈተ። ሞጣ ላይ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያላት ሰርካለም፣ ስልካቸው ለማይመች ደንበኞች ኮምፒዩተር እንድትሰጥ፣ የታተመውንም ከሚኒባስ ተቀብላ እንድታድል ተስማማን። ዋጋ የሚከራከረኝ ጠፋ። ሰው ከእኔ ጋር ይጨቃጨቅ እንጂ ከስክሪን ጋር አይጨቃጨቅም፤ ዝም ብሎ ወፍራሙን ወረቀት ትቶ ስሱን ይመርጣል።

በሦስተኛው ቀን ሰርካለም ደወለች።

«ዘመነ፣ መምህር ኃይለ ሚካኤል ጠዋት ገብተው እስካሁን አልተነሡም።»

«ምን እያሳተሙ ነው?»

«ምንም። እያረሙ ነው።»

በማግሥቱ ስልኬ ላይ የእሳቸው ድምፅ መጣ። «ልጄ ዘመነ፣ አንዲት ነገር ብቻ። መቶ ካርድ ስል ስምንት መቶ ብር ይለኛል። መቶ አንድ ስል ስድስት መቶ ስድስት ብር። አንዲት ካርድ ስትጨመር መቶ ዘጠና አራት ብር የምታስቀንሰው በምን ጸጋዋ ነው?»

አስረዳኋቸው። እስከ መቶ ድረስ ካርዱ ስምንት ብር ነው፤ ከመቶ ካለፈ ሁሉም በስድስት ብር ይታሰባል።

«ገባኝ፤» አሉ። «መቶ የሚያዝ ሰው ሞኝ ነው ማለት ነው።»

ይህን ለእኔ ብቻ ነግረው ቢተዉት ምን ነበረበት። በሳምንቱ ከሞጣ መቶ ካርድ የሚያዝ ሰው ጠፋ። ዘጠና ሰው የሚጠራውም መቶ አንድ ያዝዛል። ወንደሰን የዋጋውን ደረጃ እስኪያስተካክል ድረስ በገዛ ማሽኔ ከሰርሁ። ሲያስተካክለው ደግሞ ደውለው «አሁን ልክ ሆነ» ብለው አመሰገኑኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ድረ ገጹ ለናሙና እንዲሆን ደንበኞች የሠሩትን ካርድ ለሁሉም ያሳያል። መምህር በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሰርካለም ዘንድ ይቀመጡና የሰውን ሁሉ ካርድ ያነባሉ። ከዚያ ይደውላሉ። የማያውቁት ሰው ክርስትና፣ የማያውቁት ሰው ምርቃት፣ የማያውቁት ሰው ሱቅ።

«መምህር፣ ባለቤቶቹ እኮ ረክተዋል።»

«አላነበቡትማ።»

አንድ ነጋዴ ያሳተመው የዘመን መቁጠሪያ ላይ ጳጉሜን ሰባት ቀን ሆና ወጣች። ደንበኛው ሳጥኑን ነክቷል አልኋቸው። «ሰው ሳጥን ነካ ብለህ በእግዚአብሔር ዓመት ላይ ቀን ትጨምራለህ?» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 2009 ሲገባ የጥር ሠርገኛ ሁሉ ይጐርፍ ጀመር። እኔም መረረኝ። ቁጥራቸው እንዳይገባ ስልኬ ላይ ዘጋሁባቸው። ሰርካለምንም በድረ ገጹ ላይ ያላቸውን መግቢያ እንድትዘጋ አዘዝኋት። «በምን ጥፋት?» ብለው ሲጠይቋት «ሲስተሙ ነው» አለቻቸው። በዚህ አገር ለዚህ መልስ መልስ የለም። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ አለችኝ። ሁለት ቀን ቀረት ብለው ግን ተመለሱ፤ ማረም ባይችሉም ማየት ማንም አይከለክላቸውም።

በዚያው ሰሞን የቢቸናው እህል ነጋዴ አቶ ፈረደ ልጃቸውን የሺእመቤትን ሊድሩ ካርድ አዘዙ። በስልካቸው ራሳቸው ጻፉት፤ ወርቃማ አበባ መረጡ፤ ሦስት መቶ ብለው ዋጋውን አዩ፤ ሳጥኑን ነኩ። እኔም አተምሁ። እዚህ ላይ ልናዘዝ፦ በዚያ ጊዜ አንድ ካርድ አንብቤ ካተምሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር።

ካርዱ ለባለቤቱ ሳይደርስ ሰርካለም ደውላ ነበር። «መምህር ስለ አንድ ካርድ ቀን የሚሉት ነገር አላቸው» አለችኝ።

«ሰርኬ፣ በእናትሽ፣ ከሳቸው ገላግይኝ።»

ገላገለችኝ።

ካርዱ «እሑድ ጥር ፲፭» ይላል። በዚያ ዓመት እሑድ የዋለው ጥር ዐሥራ አራት ነበር። የከተማው ሰው «እሑድ» የሚለውን ይዞ እሑድ መጣ፤ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ሙሽራዋ ወደ ባሏ አገር ወደ ደጀን ሄደች። የእናቷ የወይዘሮ ባንቺዓለም ወገኖች ግን የጁቤ አካባቢ ገጠር የሚኖሩ ናቸው። ለእነሱ ቀን ማለት የበዓሉ ስም ነው፤ ዐሥራ አምስት ደግሞ ቂርቆስ ነው። እሑድ ዕለት ወይዘሮ ባንቺዓለም ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። ወንድሞቼ ቂም ይዘው ነው የቀሩት ብለው እያለቀሱ ልጃቸውን ሸኙ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ያከራየሁትን ባነር ላወርድ እዚያ ግቢ ነበርሁ። የድንኳኑ እንጨት እየተነቀለ ነው። ወደ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ነጫጭ ለብሰው፣ ሁለት ሙክት እየነዱ፣ እየዘፈኑ በበሩ ገቡ። ዘፈኑ ከፊት ሆኖ የሚገባው ሰው ጋ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ጋ ሲደርስ ጠፋ። ከፊት የነበሩት ገብረ ሕይወት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የወይዘሮ ባንቺዓለም ታላቅ ወንድም፣ እንደ አባት ሆነው ያሳደጓቸው።

«ሙሽራዋ የታለች?» አሉ።

«ትናንት ሄደች» አላቸው አንዱ።

ሽማግሌው የተከመረው እንጨት ላይ ተቀመጡ። ከጋቢያቸው እጥፋት ካርዱን አውጥተው በአቅራቢያቸው ለቆምሁት ለእኔ ሰጡኝ። ማን እንደሆንሁ አያውቁም።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እስቲ አንብብልኝ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ?»

በገዛ ማሽኔ የወጣውን ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁት። «አልተሳሳቱም፣ አባቴ» አልኋቸው።

አቶ ፈረደ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሳጥኑን የነካሁት እኔ ነኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ግን የወንድማቸውን እግር ይዘው እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ፣ ሳታነበው ነው ያተምኸው?» ብለው ጠየቁኝ።

በማግሥቱ ሞጣ ሄድሁ። መምህር ኃይለ ሚካኤልን ቤታቸው አገኘኋቸው። የሆነውን ነገርኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«አይቼው ነበር፤» አሉ። «ሁለት ጊዜ ደወልሁ። ስልክህ አይሠራም።»

«ስልኬ ይሠራ ነበር፣ መምህር። ዘግቼብዎት ነው።»

«አልፈርድብህም» አሉኝ። «ሌላ አውራጃ ተመድቤ ሳስተምር ባለቤቴ ይርጋነሽ ደብዳቤ ላከችልኝ። አርሜ መለስሁላት። ነፍሷን ይማር፣ ከዚያ ወዲህ ጽፋልኝ አታውቅም።»

ወደ ቢቸና ከመመለሴ በፊት ሰርካለም የዘጋነውን መግቢያቸውን ከፈተችልኝ። መቶ አርባ ሦስት ካርድ ተቀምጧል። አንዱም የራሳቸው አይደለም። የሰውን ሁሉ ክርስትናና ሠርግ፣ ከአበባው እስከ ቀለሙ እንደነበረ አድርገው ከመጀመሪያው ሠርተውታል፤ የለወጡት ስሕተቱን ብቻ ነው። ማንም እንዲያየው አልላኩትም። ካርዱ በዓለም ላይ አንድ ቦታ እንኳ ልክ ሆኖ እንዲኖር ነው የፈለጉት።

ወንደሰንን ለመንሁትና ሶፍትዌሩ ላይ አንድ በር ጨመረ። ደንበኛው ሳጥኑን ከነካ በኋላ ካርዱ መምህር ዘንድ ይሄዳል፤ እሳቸው ካልከፈቱት ማሽኔ አያትምም።

ደግ ሥራ ሠርቼ ያለፈልኝ እንዳይመስላችሁ። በሁለት ቀን የሚያልቀው ሥራ ስድስት ቀን ይፈጃል። ከደንበኞቼ ሢሶው ወደ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሸሸ። አንድ ሆቴል ባነሩን ሦስት ሳምንት ጠብቆ ተናዶ ቀረ፤ መምህር «ምቹ አልጋ» የሚለውን አልጋውን ሳላይ አላሳልፍም ብለው ነው። ስሜንም አልተዉትም። «ዘመነ ይሉሃል፤ ገና ትዘምናለህ» ይሉኛል። በየጠዋቱ ስልኩ ሲጮኽ ቶሎ አላነሣውም። ሶፍትዌሩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ መምህር ግን ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸውን የሚያድስልኝ ባለሙያ የለም። ይህን ሳስብ ደግሞ ፈጥኜ አነሣዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሥራው ሁሉ ቀዘቀዘ። ከሞጣ የሚደውል ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ስምንት ቀን። ሰርካለምን ስጠይቃት ሰሞኑን አልመጡም አለችኝ። ልደውልላቸው አሰብሁ፤ ግን ምን እላለሁ? ለሁለት ዓመት ምነው ዝም ባሉ ስል የኖርሁ ሰው ምነው ዝም አሉ ብዬ ልጠይቅ? አፈርሁ። ስለዚህ ኮምፒዩተሬ ፊት ተቀምጬ ከሐሳቤ አንድ ሠርግ ደገስሁ። ሙሽራዋን ሉሊት አልኋት፣ ሙሽራውን ታደለ። እሑድ መጋቢት ፱ ብዬ፣ ሦስት የፊደል ስሕተት ሆን ብዬ ጨምሬ፣ ሳጥኑን ነክቼ ላክሁት።

በማግሥቱ ከቀትር በፊት ስልኩ ጮኸ። ድምፃቸው ደከም ብሏል።

«አራት ስሕተት አለው» አሉኝ።

እኔ ያስገባሁት ሦስት ነበር። አራተኛው የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«መጋቢት ዘጠኝ ጾም ነው። በጾም የሚያገባ ክርስቲያን የለም፤ ስለዚህ ሙሽሮቹም የሉም፤» አሉ። «ደኅና መሆኔን ማወቅ ከፈለግህ ደውለህ ጠይቀኝ እንጂ፣ የሌሉ ሰዎች አታጋባ።»

እሺ አልሁ። ከዚያም ደኅና መሆናቸውን ጠየቅኋቸው።